የቆዳ ክራርና ኤሌክትሪክ ክራር

ክራር በኢትዮጵያና በኤርትራ የሚገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት፣ አልፎ አልፎም አምስት አውታር ያለው የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ዛሬ በሁለት መልክ ይሠራል። አንደኛው ገበቴው በቆዳ የተለበጠው ነባሩ ክራር ነው። ሁለተኛው የአውታሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ በአምፕሊፋየር የሚያሰማው ኤሌክትሪክ ክራር ነው። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቅኝት ይቃኛሉ፣ አንድ ዓይነት ዜማም ይጫወታሉ። በዚህም ምክንያት ልዩነታቸው የድምፅ ጉልበት ብቻ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ ኤሌክትሪኩ ክራር የአመታቱን ስልትና የግራ እጅን ሥራ ሳይቀር ይለውጣል። ኦቨርድራይቭ ከሚባለው የጊታር ፔዳል ጋር ሲገናኝ ደግሞ አንዱ ቅኝት ይደምቃል፣ ሌላው ይደፈርሳል።

አሠራር

የቆዳ ክራር ክፍሎች ጥቂት ናቸው። ከታች ድምፅ የሚያጎላው ገበቴ አለ። ገበቴው ከእንጨት ይቦረቦራል፣ ወይም በዘመናችን እንደተለመደው ጎድጓዳ የብረት ሳህን ይሆናል፤ አፉ በቆዳ ይለበጣል። ከገበቴው ሁለት ምሰሶዎች ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ጫፋቸውንም ቀንበሩ ያያይዘዋል። አውታሮቹ ከገበቴው ግርጌ ተነሥተው፣ ቆዳው ላይ በተቀመጠችው በርኩማ አልፈው፣ ቀንበሩ ላይ ይጠመጠማሉ። ቀድሞ ከጅማትና ከአንጀት ይሠሩ ነበር፤ አሁን ናይለን ወይም ብረት ናቸው። በቀንበሩ ላይ ያለውን የጨርቅ ወይም የቆዳ ጥምጥም በማዞር አውታሩ ይከረራል ወይም ይላላል።

ኤሌክትሪክ ክራር ምሰሶውንና ቀንበሩን እንደያዘ ገበቴውንና ቆዳውን ይተዋል። በምትካቸው ጠፍጣፋ የእንጨት ሣጥን ወይም ድፍን እንጨት ይገባል። በጥምጥሙ ፋንታም ብዙ ጊዜ የጊታር መቃኛ ይገጠምለታል። ድምፁ ከሁለት መንገድ በአንዱ ይወሰዳል። ማግኔቲክ ፒካፕ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት ነው። ከበላዩ የብረት አውታር ሲንቀጠቀጥ በሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል። ለዚህ ፒካፕ የናይለን አውታር እንደሌለ ይቆጠራል። ፒዬዞ የሚባለው ሌላው ዓይነት ሲጫን ወይም ሲንቀጠቀጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ቁስ ሲሆን፣ ከበርኩማው ሥር ወይም ከሣጥኑ ላይ ይለጠፋል። የሚያዳምጠው የአካሉን ንዝረት ስለሆነ ለናይለንም ለብረትም ይሠራል። በቆዳ ክራር ላይም ሊለጠፍ ይችላል፤ በሁለቱ ዓይነቶች መካከል ያለ መፍትሔ የሚሹ ተጫዋቾች የሚመርጡት ይህንን ነው።

የድምፅ ልዩነት

የቆዳ ክራር አውታር ሲመታ ጉልበቱን ቶሎ ለቆዳው ያስረክባል። ቆዳው ሰፊና ቀላል ስለሆነ አየሩን ወዲያው ይገፋል። ድምፁ አጭር የሆነው ለዚህ ነው፤ ጎልቶ ይጀምርና ፈጥኖ ይጠፋል። ይህ አጭርነት ለሙዚቃው ጥቅም አለው። ክራር እንደ ጊታር በጣት ተጭኖ አውታሩን የሚያሳጥሩበት አንገት የለውም፤ እያንዳንዱ አውታር አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። ተጫዋቹ ስድስቱንም በአንድ ጊዜ እየገረፈ የማይፈልጋቸውን በግራ እጁ ጣቶች ያፍናል፤ ዜማውን የሚያወጡት ያልታፈኑት ናቸው። ሌላው ስልት አውታሮቹን አንድ በአንድ በጣት መንካት ነው። በቆዳ ክራር ላይ ጣት አምልጦ ያልተፈለገ አውታር ቢጮህም ድምፁ ብዙ ሳይቆይ ይሞታል።

በድፍን እንጨት ላይ ግን አውታሩ ጉልበቱን የሚያስረክብለት ቆዳ የለም። ያለ አምፕሊፋየር ድምፁ እምብዛም አይሰማም፤ በአምፕሊፋየር ሲሰማ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ከሦስት ምት በፊት የተመታው አውታር አሁንም እየጮኸ አዲሱ ይደረብበታል። ስለዚህ ከቆዳ ክራር ወደ ኤሌክትሪክ የሚሻገር ተማሪ መጀመሪያ የሚቸገረው በግራ እጁ ነው።

የቆዳ ክራር በተራው በትልቅ መድረክ ላይ ይቸገራል። ማይክሮፎን ሲቀርብለት የድምፅ ማጉያው ድምፅ ተመልሶ ቆዳውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ማይክሮፎኑ ያንን መልሶ ይወስደዋል፣ ክቡ እየተደጋገመም ወደ ጩኸት ይለወጣል። ድራምና ቤዝ ጊታር ባለበት መድረክ ላይ ክራሩን ለማሰማት ድምፁን ከፍ ማድረግ ጩኸቱን መጋበዝ ነው። የኤሌክትሪክ ክራር ዋነኛ ጥቅም ከዚህ ነፃ መሆኑ ነው።

ቅኝት

ስድስት አውታር ያለው ክራር አምስቱን የቅኝቱን ድምፆች ይይዛል፤ ስድስተኛው የመጀመሪያው ድምፅ ኦክታቭ ነው። ዋና ዋናዎቹ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ተብሎ ይቃኛል። ሚና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ወደ ትዝታ ማይነር ያሸጋግራል። አንቺሆዬ በዶ ሲጀምር ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሶልና ላ ይከተሉታል። ቅኝት ሲለወጥ አውታሩ መለወጥ ስላለበት፣ ተጫዋቹ በዘፈን መካከል መቃኘት ወይም በሌላ ቅኝት የተዘጋጀ ሁለተኛ ክራር መያዝ ይኖርበታል። በዚህ ረገድ የጊታር መቃኛ የተገጠመለት ክራር ይቀልላል፤ ጥምጥሙ ልምድ ያለው እጅ ይጠይቃል።

ቆዳ የአየሩን እርጥበት ይከተላል። በክረምት ይላላል፣ በደረቅ ወቅት ይከርራል፤ ከዚህ ጋር በርኩማዋም ከፍ ዝቅ ስለምትል ቅኝቱ ይንሸራተታል። ድፍን እንጨት ይህ ችግር በእጅጉ ይቀንስለታል።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ነው። ብቻውን ለሚያንጎራጉር ዘፋኝ ክራር የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ከፍታ ነው። ጆሮ የሚፈቅደው ትንሽ ወጣ ገባም ይኖራል፤ የአንድ ተጫዋች አንቺሆዬ ከሌላው ጋር በልክ ላይገጥም ይችላል። ኪቦርድ ካለበት ባንድ ጋር ሲጫወት ግን ኦክታቭን ለ12 እኩል የሚከፍለው የኪቦርዱ ልክ ይገዛዋል። ኤሌክትሪክ ክራር በመሣሪያ መቃኛ በቀላሉ ስለሚስተካከል ለዚህ ልክ ምቹ ነው። የሚያጣውም እዚሁ ላይ ነው፤ በአጃቢ ብዛት ሳይሆን በድምፆቹ መካከል ባለችው ጠባብ ልዩነት የሚታወቅ አጨዋወት ይደበዝዛል።

ኦቨርድራይቭ ፔዳልና ክራር

ኤሌክትሪክ ክራር እንደ ጊታር በገመድ ስለሚገናኝ የጊታር ፔዳሎችን ሁሉ ይቀበላል። ከእነዚህ ውስጥ ድምፁን ይበልጥ የሚለውጠው ኦቨርድራይቭ ነው። ፔዳሉ የገባውን ሞገድ ያጎላውና ከተወሰነ ከፍታ በላይ ያለውን ጫፍ በዳዮድ ይቆርጠዋል። ተራ የሲሊከን ዳዮድ መቁረጥ የሚጀምረው ወደ 0.6 ቮልት ገደማ ላይ ነው። የተቆረጠው ሞገድ በመጀመሪያው ያልነበሩ ድምፆችን ይወልዳል፤ ጆሮ ሻካራና የሞቀ ድምፅ የሚለው ይህንን ነው።

አንድ አውታር ብቻ ሲመታ አዲሶቹ ድምፆች የዚያው ድምፅ ብዜቶች ስለሆኑ ይስማማሉ። ሁለት አውታር አብረው ሲመቱ ግን የሁለቱ ድግግሞሽ ድምርና ልዩነትም ይወለዳል። ለምሳሌ 200 ሄርትዝና 300 ሄርትዝ እንደ ዶና ሶል በአምስተኛ የተራራቁ ናቸው። ልዩነታቸው 100 ሄርትዝ ሲሆን፣ ይህ ከታችኛው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ያው ድምፅ ነው። ውጤቱ ከታች ቤዝ የገባበት ያህል ጠንካራ ነው፤ የሮክ ጊታር ተጫዋቾች አምስተኛን የሚወዱት በዚህ ምክንያት ነው። በግማሽ ድምፅ የተራራቁት 200 ሄርትዝና 212 ሄርትዝ ግን ልዩነታቸው 12 ሄርትዝ ብቻ ነው። ይህ እንደ ድምፅ አይሰማም፣ እንደ መንቀጥቀጥ ይሰማል እንጂ።

በዚህ ስሌት ትዝታ ሜጀር ከኦቨርድራይቭ ጋር ይስማማል። በዶና በሶል፣ በሬና በላ መካከል አምስተኛ አለው፤ ግማሽ ድምፅ የተራራቁ አውታሮች የሉበትም። አንቺሆዬ ተቃራኒው ነው። በስድስቱ አውታሮች ውስጥ ትክክለኛ አምስተኛ የሚገኘው በፋና በላይኛው ዶ መካከል ብቻ ሲሆን፣ ሁለት ቦታ ላይ ግማሽ ድምፅ የተራራቁ ጎረቤታሞች አሉት። በቆዳ ክራር ላይ የአንቺሆዬን ውበት የሚሠሩት እነዚህ ጠባብ ርቀቶች ናቸው። በፔዳል ውስጥ አብረው ሲገረፉ ግን ይደፈርሳሉ። መፍትሔው አንቺሆዬን በኦቨርድራይቭ ሲጫወቱ መግረፉን ትቶ አውታሮቹን አንድ በአንድ መንካት ነው።

ፔዳሎቹ ራሳቸው የተለያየ ዓይነት አላቸው። በጊታር ተጫዋቾች ዘንድ ብዙ ክርክር የሚነሣባቸው የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር ሁለት እትሞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የወጣው ቲኤስ 808 እና በ1982 የተተካው ቲኤስ 9። ሁለቱም በጃፓን ተሠርተዋል፣ የወረዳቸው ንድፍም በመሠረቱ አንድ ነው። የሚታወቀው የንድፍ ልዩነት በመውጫው ላይ ያሉ ሁለት ሪዚስተሮች ናቸው፤ በ808 ላይ 100 ኦምና 10 ኪሎ ኦም፣ በ9 ላይ 470 ኦምና 100 ኪሎ ኦም። ለክራር ተጫዋች ከዚህ ልዩነት ይልቅ ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ነገር ይጠቅማል። ሁለቱም ከ720 ሄርትዝ ገደማ በታች ያለውን ድምፅ ያነሰ ስለሚያጎሉ፣ ወፍራሙ የድምፁ ክፍል እምብዛም አይቆረጥም። ስድስት አውታር በአንድ ጊዜ ለሚገረፍበት መሣሪያ ይህ ድፍርሱን ይቀንሳል። የግራ እጅ በደንብ ማፈን ግን ከሁለት ሪዚስተር የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ከጓዳ ወደ መድረክ

ክራር ለብዙ ዘመን የዓለማዊ ዘፈን፣ በተለይም የፍቅር ዘፈን መሣሪያ ነበር። በገና ለመንፈሳዊው መዝሙር ሲከበር ክራርን ከሰይጣን ጋር የሚያያይዝ አባባልም ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንደ ካሳ ተሰማ፣ ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ ያሉ ዘፋኞች በክራር ራሳቸውን እያጀቡ ስም አተረፉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ያረፈችው አስናቀች ተዋናይም ነበረች። ከኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች 16ኛው የእሷ ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ የከተማውን የዳንስ መድረክ የያዙት የነፋስ መሣሪያዎች፣ ኦርጋንና ኤሌክትሪክ ጊታር ነበሩ። ክራር በባህል ቡድኖች ውስጥ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ባህላዊ መሣሪያዎችን በአንድ ላይ አሰባስቦ ነበር፤ ድምፃቸውን በኤሌክትሪክ ማጉላት ግን የቡድኑ ጉዳይ አልነበረም። በትግርኛ ሙዚቃ ኤሌክትሪክ ክራር ከባንድ ጋር መጫወቱ የቆየ ልማድ ነው። በአዲስ አበባ የባህል ምሽት ቤቶችም ዜማውን ከሚይዘው ክራር ጎን ቤዝ ክራር ይሰማል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጡ ሁለት ሥራዎች የኤሌክትሪክ ክራርን ስፋት ያሳያሉ። መቀመጫውን ለንደን ያደረገውና በተመስገን ዘለቀ የሚመራው ክራር ኮሌክቲቭ «ኢትዮጵያ ሱፐር ክራር» የተባለውን አልበም አወጣ። በዚህ አልበም ክራሩ ከድምፃዊና ከከበሮ ጋር ሆኖ የሙሉ ባንድን ቦታ ይሸፍናል። በዚያው ዓመት መሰለ አስማማው ከሳክስፎን ተጫዋቹ ማትስ ጉስታፍሶንና ከድራም ተጫዋቹ ፖል ኒልሰን-ሎቭ ጋር የሠራው «ባሮ 101» ወጣ። እዚህ ላይ ክራሩ ከአጃቢነት ወጥቶ ከባሪቶን ሳክስፎን ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል።

ለመግዛትና ለመጠገን

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በሚገኘው መርካቶ ለሁለቱም ዓይነት ክራር የሚያስፈልገው ዕቃ በተለያየ ተራ ይሸጣል፤ ጎድጓዳ ሳህንና ናይለን በአንድ በኩል፣ ገመድ፣ ሶኬትና ሪዚስተር በሌላ በኩል። የቆዳ ክራር ሲገዛ የሚታየው ቆዳው እኩል መወጠሩ፣ ምሰሶው በአውታሩ ጉልበት አለመታጠፉና ጥምጥሙ ከተቃኘ በኋላ አለመንሸራተቱ ነው።

ኤሌክትሪክ ክራር ግን ከአምፕሊፋየር ጋር ሳይገናኝ መገዛት የለበትም። ገመዱ ሲነካካ ድምፁ ከተቆራረጠ ሶኬቱ ልል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመብራት ኃይል 220 ቮልትና 50 ሄርትዝ ስለሆነ፣ ማግኔቲክ ፒካፕ ይህንን 50 ሄርትዝና ብዜቶቹን እንደ እምምታ ሊያነሣ ይችላል። የብረት አውታሩ በእጅ ሲነካ እምምታው ከቀነሰ ችግሩ ከመከለያው ወይም ከመሬት መስመሩ ነው፤ ይህም በብየዳ የሚስተካከል ነው። ፒዬዞ ያለበት ክራር በቀጥታ ከፔዳል ጋር ሲገናኝ ድምፁ ቀጥኖ ወፍራሙ ክፍል ሊጠፋበት ስለሚችል፣ በመካከል ትንሽ ፕሪአምፕ ይፈልጋል። ለፔዳሉ አስማሚ ሲገዛም ቮልቱ ብቻ አይበቃም። አብዛኞቹ ዘመናዊ ኦቨርድራይቭ ፔዳሎች 9 ቮልት ሆኖ የመሰኪያው መካከል ነጌቲቭ የሆነበት አስማሚ ይፈልጋሉ፤ ብዙ ተራ አስማሚዎች ግን መካከላቸው ፖዘቲቭ ነው።