«ማጥፋት»ና «ማስወገድ»፦ የስዊች ስያሜ ታሪክ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ «ስዊች» የተባለው ቃል ከመብራት ወደ ስልክ፣ ከስልክም ወደ ኮምፒዩተር መረብ ሲሸጋገር ፍቺው እንዴት እንደተለወጠ መርምረን፣ ለውጡ በአማርኛ ትርጉም ላይ የሚያስከትለውን ስሕተት ማመልከት ነው። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በግድግዳ ላይ ያለውን ስዊች «ማብሪያ ማጥፊያ» እንለዋለን። ስያሜው ተስማሚ ነው፤ የጠፋው መብራት እንደገና ይበራልና። በስልክ ዘርፍ ግን የቃሉ ሐሳብ ሌላ ነው። አልመን ስትሮውጀር በ1891 የፈጠራ መብት ያገኘበት መሣሪያ ደዋዩን ከተደዋዩ ጋር ያለ ኦፐሬተር የሚያገናኝ ሲሆን፣ በ1892 በኢንዲያና ግዛት በላ ፖርት ከተማ ሥራ ላይ ዋለ። እዚህ ላይ ስዊች መርጦ የሚያገናኝ እንጂ የሚያበራና የሚያጠፋ አይደለም። ካልፓና የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1990 ለኢተርኔት መረብ ያቀረበው ስዊችም የወረሰው ይህንኑ ፍቺ ነው፤ መልእክቱን ለሁሉም ሳይበትን ወደ ተቀባዩ ይመራል።

ከዚያ በኋላ ስዊቹ ግዙፍ አካሉን ተወ። በአንድ አስተናጋጅ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚሠሩ ምናባዊ ኮምፒዩተሮችን እርስ በርስና ከውጭው መረብ ጋር የሚያገናኘው በሶፍትዌር የተሠራ ምናባዊ ስዊች ነው። ማይክሮሶፍት በ2008 ባወጣው ሃይፐር ቪ ይህን «ምናባዊ መረብ» ይለው ነበር፤ ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ጀምሮ ግን «ምናባዊ ስዊች» አለው።

ችግሩ የሚነሣው ምናባዊ ኮምፒዩተሮቹ ተሰርዘው ስዊቹ ትራፊ ሆኖ ሲቀር ነው። ተርጓሚው «ስዊቹን አጥፋ» ቢል፣ ግሡ በአማርኛ የመብራትንም መጥፋት፣ የነገርንም ጨርሶ መወገድ ይይዛል። አንባቢው የመጀመሪያውን ፍቺ ቢወስድ ይሳሳታል፤ የተሰረዘ ምናባዊ ስዊች እንደ አዲስ ይፈጠራል እንጂ ተመልሶ አይበራም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አስተናጋጁ ራሱ ከመረቡ ጋር የሚገናኝበት ስዊች ሲሆን ነው፤ ከሩቅ ሆኖ ይህን የሚሰርዝ ቴክኒሻን የገባበትን በር በራሱ ላይ ይዘጋል።

ስለዚህ ሦስት ግሦች ተለይተው እንዲሠራባቸው እናሳስባለን፦ ምናባዊ ኮምፒዩተርን ሥራ ለማስቆም «መዝጋት»፤ የኔትወርክ ካርዱን ከስዊቹ ለመለየት «ማላቀቅ»፤ ስዊቹን ከነቅንብሩ ለመሰረዝ «ማስወገድ»። የመመሪያው ቅደም ተከተልም በትርጉሙ ሊጠበቅ ይገባል። በመጀመሪያ የተዘጋም ቢሆን ከስዊቹ ጋር የተያያዘ ምናባዊ ኮምፒዩተር አለመኖሩ ይረጋገጣል። ቀጥሎ የስዊቹ ስም፣ ዓይነትና የአድራሻ ቅንብር ይመዘገባል። አስተናጋጁ የሚጠቀምበት ከሆነ ሥራው በኮምፒዩተሩ አጠገብ ይከናወናል። በመጨረሻም ስዊቹ ይወገዳል።

«ትራፊ» የምንለውም ማንም ያልተያያዘበትንና ከእንግዲህ የማያስፈልገውን እንጂ ማን እንደፈጠረው ያላወቅነውን ሁሉ አይደለም። በ2017 ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም 1709 ጀምሮ ሃይፐር ቪ ራሱ የሚፈጥረው ነባሪ ስዊች ትራፊ ሊባል አይችልም።

«ማጥፋት» ለመብራቱ ይቅርለት።