በንጎንግ ኮረብቶች ሥር፦ የቡናው እርሻና ጭሰኞቹ

ከናይሮቢ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የንጎንግ ኮረብቶች ፊት ለፊት የሚታዩበት አንድ የቆየ የእርሻ ቤት አለ። ዛሬ የካረን ብሊክሰን ሙዚየም ይባላል። በሕክምና ፈቃድ ናይሮቢ በሰነበትንበት ጊዜ ልጆቻችንን ይዘን አንድ ቀን ውለንበታልና ያየነውንና የተማርነውን እናካፍላችሁ።

ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1912 ያሠራው ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው። ዴንማርካዊቷ ካረን ብሊክሰን በ1914 ኬንያ ገብታ ከ1917 እስከ 1931 ኖራበታለች። ቤቱ የድንጋይ ነው፤ በረንዳው ሰፊ፣ ግቢው ሣርና ትልልቅ ዛፍ የሞላበት ነው። ልጆቹ ግን ከሁሉ የወደዱት በአትክልቱ ውስጥ የቆመውን አሮጌ የቡና ማሽን ነው። እኛም ቡና ዘሩ የተገኘው ከኢትዮጵያ ጫካዎች መሆኑን ነገርናቸው።

እርሻው 6,000 ኤከር ነበር፤ በእኛ አገር ልክ 60 ጋሻ ያህል ማለት ነው። ቡና የተተከለበት 600 ኤከር ብቻ ነው። ለቡና ቦታው ከፍ ያለ፣ ዝናቡም የማይበቃ ስለነበር እርሻው በዕዳ ላይ ዕዳ ጨመረ።

ታዲያ ቡናውን ማን ያርም፣ ማን ይለቅም ነበር? 1,000 ኤከር ያህሉ መሬት ላይ የኪኩዩ ጭሰኞች ከነቤተሰባቸውና ከነከብቶቻቸው ይኖሩ ነበር። ብዙዎቹ እዚያው የተወለዱ ናቸው። የ1918ቱ የቅኝ ግዛት ሕግ ጭሰኛው በዓመት ቢያንስ 180 ቀን ለባለ እርሻው እንዲሠራ ያስገድድ ነበር። አባቱ በኖረበት መሬት ላይ ለመኖር ግማሽ ዓመት መሥራት ማለት ነው። ጭሰኝነት በ1975 በአዋጅ ከመቅረቱ በፊት የነበረውን የአገራችንን ኑሮ የሚያስታውሱ ታላላቆቻችን ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻቸውም።

እርሻው ከስሮ ሲሸጥ አዲሱ ገዢ መሬቱን ለመኖሪያ ቤት መሸንሸን ፈለገ፤ ጭሰኞቹም ልቀቁ ተባሉ። ካረን በ1937 ባሳተመችው መጽሐፏ እንደጻፈችው፣ ሰዎቹ የጠየቁት መሬት ብቻ አልነበረም፤ ሳይበተኑ አንድ ላይ መስፈር ነው። እሷም ከባለሥልጣን ባለሥልጣን ስትመላለስ ቆይታ በመጨረሻ ከዳጎሬቲ የደን ክልል ቦታ ተሰጣቸው።

እኛን የነካን ይኼ ነው። ቤት ቢፈርስ ሌላ ይሠራል። ልጅ ሲታመም የሚጠራው ጎረቤት፣ ለቅሶ የሚደርሰው ዕድርተኛ ከተበተነ ግን መልሶ መሰብሰብ ከባድ ነው። በካምፕ የምንኖር ሁሉ ይህን እናውቀዋለን።

ቤቱን የዴንማርክ መንግሥት በ1964 ለነፃዋ ኬንያ በስጦታ ሰጠ፤ በ1986 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። የባለቤቲቱ ዕቃ በየክፍሉ ይታያል። የጭሰኞቹ ጎጆዎች ግን የሉም።

መምህራንና ወላጆች፣ ስለ ቆየ ቤት ለልጆች ስታስተምሩ ማን ሠራው ብላችሁ አታብቁ። መሬቱን ማን ያርስ ነበር? ኋላስ የት ሄዱ? ብላችሁ ጨምሩበት።