ሙቀቱን የሚናገር ማበጠሪያ

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ የሴቶች ፀጉር ቤቶች፣ ጆሮና አንገት ሳይነካ ፀጉር መተኮስ የባለሙያዋ እጅ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ታሪኩ ግን የመሣሪያውም ጉዳይ መሆኑን ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ የፓሪሱ ፀጉር ሠሪ ማርሴል ግራቶ በእሳት የጋለ መቆንጠጫ ይጠቀም ነበር። ሙቀቱ የሚታወቀው በግምት ነው። በ1920 ግን ዋልተር ሳሞንስ በአሜሪካ ያስመዘገበው የብረት ማበጠሪያ የሙቀት መለኪያ ተገጠመለት።

የዛሬ ካውያ ከ200 ዲግሪ ያልፋል፤ ቆዳ ደግሞ በ60 ዲግሪ በሰከንዶች ውስጥ ክፉኛ ይቃጠላል። ስለዚህ ገዢ ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ሙቀቱ ይስተካከላል? ተረስቶ ቢቀር ራሱን ያጠፋል?

ከ100 ዓመት በፊት መፍትሔ የተጀመረለት ችግር ዛሬም የልጆቻችንን አንገት ማቃጠል የለበትም።