አራት ማንኪያ

ይኸውላችሁ፣ የወንድሜ ልጅ አንድ ማታ ክዳኑ የጠበቀ ትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ታቅፎ ቤቴ መጣ። ጂም ከጀመረ አራት ወሩ ነው። «ጋሼ፣ እስቲ ያንብቡልኝ፤ በቀን ስንት ነው የሚወሰደው?» አለኝ።

ዜና እያየሁ ስለነበር መነጽሬን እንኳ በቅጡ ሳላደርግ አነበብኩለት። ክሬቲን የሚባል ነጭ ዱቄት ነው፤ አንዱ ማንኪያ 5 ግራም፣ በቀን አራት ጊዜ። «አራት ማንኪያ» አልኩት፤ አመስግኖ ሄደ። በወሩ ሲመለስ ጡንቻው ሳይሆን ጉንጩ ነበር የተለወጠው። ሆዱ አላስቀምጥ ብሎት ከርሟል። ዕቃውን ተቀብዬ እንደገና ባነበው፣ ቀጣዩ መስመር «ለ5 ቀን ብቻ፤ ከዚያ በኋላ በቀን አንድ ማንኪያ» ይል ኖሯል። ስንት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን «አንቀጹን ሳትጨርሱ አትተርጉሙ» እያልኩ የጮኽኩት ሰውዬ!

ኀፍረቱ የማንኪያውን ታሪክ እንዳገላብጥ አደረገኝ። (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ክሬቲንን በ1832 ከሥጋ ውስጥ ያገኘው ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው፤ ስሙንም «ሥጋ» ከሚለው የግሪክ ቃል አወጣለት። በ1847 ጀርመናዊው ሊቢግ በአደን ከተገደሉ የዱር ቀበሮዎች ጡንቻ ውስጥ፣ ታስረው ከሚቀለቡት ይልቅ ክሬቲን በብዛት መገኘቱን ጻፈ። በ1865 ደግሞ በስሙ የተቋቋመው ኩባንያ የሥጋ ጭምቅ ገንቢ ነው እያለ መሸጥ ጀመረ። ልብ በሉ፤ ገበያው ከልኩ ቀድሞ ነው የተወለደው።

ልኩን ለማወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። በ1992 ሃሪስ፣ ሶደርሉንድና ሁልትማን የተባሉ ተመራማሪዎች ለሰዎች 5 ግራም ክሬቲን በቀን አራት ወይም ስድስት ጊዜ እየሰጡ፣ ከጭናቸው ጡንቻ ቆንጥረው መረመሩ፤ ክምችቱ መጨመሩንም አሳዩ። 5 ግራም ማለት አንድ ኪሎ ከሚያልፍ ጥሬ ሥጋ የሚገኘው መጠን ነው። ቁርጥ ቤት ገብቶ በቀን አራት ኪሎ የሚያወራርድ ጀግና ካለ ወዲህ ይበል! «አራት ማንኪያ» እንግዲህ የመጣችው ከቤተ ሙከራ ነው፤ የችኩል ተመራማሪ ልክ ናት።

ዋናው ነገር የተገለጠው ግን በ1996 ነው። ሁልትማንና ባልደረቦቹ በቀን 20 ግራም ለ6 ቀን ሲሰጡ የጡንቻው ክሬቲን በ20 በመቶ ገደማ ጨመረ። በቀን 3 ግራም ብቻ ለ28 ቀን የወሰዱትስ? ያው! ጡንቻ እንደ እንስራ ነው፤ አንዴ ከሞላ ትርፉ በሽንት ይወጣል። ትልቁ መጠን የሚያተርፈው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ምን አለፋችሁ፣ ማንኪያ ሲበዛ ዕቃው ቶሎ ያልቃል፤ ቶሎ ሲያልቅ ደግሞ ቶሎ ይገዛል።

ክሬቲንስ ለጤነኛ ሰው ይቅር ባይ ነው፤ ትዕግሥት ማጣት ግን በዱቄት አያቆምም። በ1958 ዲያናቦል የተባለ የስቴሮይድ ክኒን አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ ዋለ። የክብደት አንሺዎች ሐኪም የነበረው ጆን ዚግለር በትንሽ መጠን ሞከረላቸው። እነሱ ደግሞ ሰውነታቸው ሲፈረጥም አዩና «ትንሹ እንዲህ ካደረገ ብዙውማ!» ብለው በየራሳቸው እጥፍ ድርብ ይውጡት ጀመር። ዚግለር ኋላ እጅግ ተጸጽቷል፤ ክኒኑ ግን ከእጁ ወጥቶ ነበር። ስቴሮይድ ሲበዛ ጉበትንም ልብንም እንደሚጎዳ ዛሬ ማንም ያውቃል። ዱቄትና ክኒን አንድ አይደሉም፤ «እጥፍ ብወስድ እጥፍ እሆናለሁ» የሚለው ስሌት ግን አንድ ነው።

የእኛ ሰው «ማርም ሲበዛ ይመራል» ያለው ሚዛን ሳይኖረው ነው። የወንድሜን ልጅ በሽታ እንዳለበት ጠይቄ፣ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ያለ ሐኪም እንዳይነካው ነግሬ፣ ሆዱ እስኪድን አስቆምኩት። ከዚያ 3 ግራም ከማንኪያዋ ግማሽ ትንሽ አለፍ የሚል መሆኑን አሳየሁት።

«ቀስ ነው የሚያድገው ታዲያ?» አለኝ ቅር ብሎት።

«እንጀራና ሽሮህን ብላ፣ ብረትህን አንሳ፣ ተኛ» አልኩት። ዕቃውን መልሼ ሰጠሁትና በእኔ ሳይሆን በራሱ ዓይን፣ ጮክ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው መስመር እንዲያነበው አደረግሁ።