የቆየ የጭነት ተሽከርካሪ ሞተር ከመጠን በላይ ሲሞቅ፤ የመንስኤ ማጣሪያና የጥንቃቄ መረጃ

ይህ መረጃ ዕድሜያቸው የገፋ የናፍጣ የጭነት ተሽከርካሪዎች ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች የሞተር ሙቀት ሲጨምር ምን ማድረግ እንዳለባቸው፣ መንስኤውንም ከቀላሉ ጀምረው እንዴት ማጣራት እንደሚችሉ ያስረዳል። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ያለፈ ተሽከርካሪም ቢሆን ሙሉ ጭነት ይዞ ረጅም ዳገት ሲወጣ የማቀዝቀዣ ሥርዓቱ ጉድለት ሊታይበት እንደሚችል መገንዘብ ያስፈልጋል።

በመንገድ ላይ ሲያጋጥም

የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ሲጠጋ ተሽከርካሪውን ከመንገድ ዳር አውጥተው ያቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ ጎማው ላይ ታኮ ያድርጉ፤ ባለ ሦስት ማዕዘን የማስጠንቀቂያ ምልክት ያስቀምጡ። ለታኮ የተጠቀሙበትን ድንጋይ ሲነሡ ከመንገዱ ላይ ማንሳት ግዴታዎ ነው፤ በሌሊት ለሚመጣ ሌላ አሽከርካሪ የአደጋ ምክንያት ይሆናልና።

እንፋሎት ካልወጣ፣ ውኃ ካልፈሰሰና ቺንጋ ካልተበጠሰ ሞተሩን ወዲያውኑ አያጥፉት። ማርሹን ዜሮ አድርገው ከሚኒሞ ጥቂት ከፍ ባለ ዙር ለጥቂት ደቂቃዎች ይተዉት፤ ፖምፓውና ፋኑ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ያወጡታል። ውኃ ከፈሰሰ ወይም ቺንጋ ከተበጠሰ ግን ወዲያውኑ ያጥፉ። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሳይበርድ ፈጽሞ አይክፈቱ፤ በግፊት የታመቀው የፈላ ውኃ ፊትንና ዓይንን ያቃጥላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቀው፣ የላይኛው የጎማ ቱቦ በእጅ ሲነካ የማያቃጥል መሆኑን አረጋግጠው፣ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዘው ቀስ ብለው ይፍቱ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ በአንድ ጊዜ መጨመር ቴስታታን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ሞተሩን ለማብረድ በሚል ቁልቁለት ላይ አጥፍቶ መንዳት እጅግ አደገኛ ነው፤ የፍሬን አየር የሚሞላው ኮምፕረሰር ሥራ ያቆማል፣ በሞተር የሚገኘው የማርሽ ፍሬንም ይቀራል።

ከፍታ፣ ክዳን እና ተርሞስታት

ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚጓዝ የጭነት ተሽከርካሪ በዓባይ በረሃ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ወደሆነው የወንዙ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ይወጣል። በባሕር ወለል ደረጃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላ ውኃ በዚህ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ብዙ ሞተሮች ደግሞ በመደበኛነት የሚሠሩት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የክዳኑ ግፊት ነው፤ ጤነኛ ክዳን የመፍያ ነጥቡን በ20 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ስፕሪንጉ የደከመ ወይም የጎማ ማሸጊያው የተሰነጠቀ ክዳን ይህን ጥበቃ ስለሚያሳጣ ጤነኛ ሞተር ዳገቱ አናት ላይ ውኃ ይተፋል። ስለሆነም ቴስታታ ከማስወረድዎ በፊት ክዳኑን በትክክለኛው የግፊት መጠን በአዲስ ይተኩ፤ ዋጋው ከጥገናው ጋር አይነጻጸርም።

ተርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ ቢሆንም መፍትሔ አይደለም። በአንዳንድ ሞተሮች ተርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን የውኃ መስመር ይዘጋል፤ ከሌለ የጋለው ውኃ ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በሌሎች ደግሞ ሞተሩ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ስለሚሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። የተጠረጠረ ተርሞስታት ተወልቆ በሙቅ ውኃ ውስጥ ሲከፈት በማየት ሊፈተሽ ይችላል።

ሙቀቱ የሚጨምርበት ጊዜ ምን ያመለክታል?

ተሽከርካሪው ቆሞ ወይም በዝግታ ሲሄድ ሞቆ በፍጥነት ሲሄድ የሚበርድ ከሆነ የአየር ፍሰቱ ይመርመር፦ ፋን፣ የላላ ቺንጋ፣ በጭድና በአቧራ የታፈነ ራዲያተር። ራዲያተሩን በውኃ ሲያጸዱ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ይርጩ፤ ከፊት መርጨት ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

በሜዳ ደህና ሆኖ በዳገት ብቻ የሚሞቅ ከሆነ፣ ከክዳኑ ቀጥሎ የራዲያተሩ ውስጥ በዝገትና በማዕድን ቅርፊት መዘጋት ይጠረጠራል። ለዓመታት ተራ ውኃ ብቻ ሲሞላበት በኖረ ተሽከርካሪ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ታጥቦ በኩላንት ድብልቅ መሞላት ይኖርበታል። የአነዳድ ስልትም መታየት አለበት። በከፍተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጨነቁ መውጣት የፖምፓውንና የፋኑን ዙር ስለሚቀንስ፣ ጭነት በበዛበት ዳገት አስቀድሞ ማርሽ መቀነስ ይገባል። ከተፈቀደው በላይ መጫን ይህን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል።

ሞተሩ ከቀዝቃዛ ተነሥቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚሞቅ ከሆነ የተጣበቀ ተርሞስታት ወይም የተቃጠለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል። ሞተሩ በርዶ እያለ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሣ በራዲያተሩ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ መታየቱ፣ የሞተር ዘይቱ ወተት መምሰሉ፣ ነጭ ጭስ ሳይቋረጥ መውጣቱ የጓርኒሲዮኑን መቃጠል ያመለክታሉ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ተሽከርካሪው ተጎትቶ ወደ ጋራዥ ይሂድ እንጂ ውኃ እየተሞላ አይነዳ። ለመካኒኩም ሙቀቱ በየትኛው ሁኔታ እንደሚጨምር፣ በየስንት ኪሎ ሜትሩ ስንት ሊትር ውኃ እንደሚጨመር በጽሑፍ ይስጡት፤ ቴስታታው ከወረደም መጣመሙ በቀጥ ያለ ማስመሪያ ተለክቶ እንዲታይ ይጠይቁ።