እቅፍና እንቅፋት

«አቀፈ» እና «እንቅፋት» ዛሬ በምንጽፍበት ፊደል ሲታዩ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። ሕፃን የሚያርፍበት እቅፍ ነው፤ የእግር ጣት የሚያደማው ድንጋይ እንቅፋት ነው። ግእዙ ግን አያዛምዳቸውም። ማቀፉ በሐመሩ ሐ «ሐቀፈ» ነው። ድንጋዩ ግን በዐይኑ ዐ ከሚጻፈው «ተዐቅፈ»፣ ተሰናከለ ከሚለው ግስ፣ የወጣ «ዕቅፍት» ነው፤ «ማዕቀፍ»ም ይሉታል። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲተው ሐውም ዐውም ወደ አ ወረዱና የሁለቱ ግሶች ድንበር ጠፋ። በየመሥሪያ ቤቱ ሰነድ «የሕግ ማዕቀፍ» ተብሎ በዐይኑ ዐ የሚጻፈውን የግእዝ መምህር ቢያየው «የሕግ መሰናክል» ብሎ ይተረጉመዋል። አንዳንዴም ከእውነቱ አይርቅም።

ሁለቱን ሐሳቦች ጎን ለጎን ያገኘኋቸው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት፣ 14ኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ምዕራፉ የሚከፈተው በእምነት የደከመውን ሰው ክርክር ሳያበዙበት ስለ መቀበል ነው፤ መካከሉ ላይ ደግሞ በወንድም መንገድ እንቅፋት ስለ ማኖር ያስጠነቅቃል። የጠቡ ምክንያት ምግብና ቀን ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ49 ገደማ አይሁድን ከሮም አባርሮ ነበር። ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ እሱ ሲሞት የተመለሱት የአይሁድ ወገን ክርስቲያኖች ማኅበረ ምእመናኑን በሌሎች እጅና በሌላ ልማድ ሲመራ አገኙት። አንዱ ሁሉን ይበላል፤ ሌላው ከአትክልት በቀር አይቀምስም። ጳውሎስ ደካማ የሚለው አትክልት በሉን ነው።

ይህን ደብረ ወርቅ ላይ ሆነው ሲያነቡት ነገሩ ይገለበጣል። ደብረ ወርቅ በምሥራቅ ጎጃም የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ከተማ ናት፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበሩት ከአባ ሠርፀ ጴጥሮስ ጋር ስሙ የሚነሣው የማርያም ገዳም ያለው እዚያ ነው። በዚያ አገር 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀን በሽሮና በጎመን የሚዘልቀው ሰው ብርቱ ይባላል እንጂ ደካማ አይባልም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ሙግት ሲነሣም «የላላ» የሚባለው በሉ ነው። ስለዚህ ብርቱው ማን፣ ደካማው ማን እንደሆነ በሌማት ብቻ አይለይም። ጳውሎስም ከብርቱው የሚጠብቀው የሚችለውን ለሌላው ሲል እንዲተው ነው።

«ደካማ» ራሱ በአማርኛ ነውር የሌለበት ቃል ነው። ከግእዙ «ደክመ» የመጣ ሲሆን፣ ሰው ደከመ ሲባል ጉልበት አጣ ማለትም ነው፤ ለፋ ማለትም ነው። «ደክሜ ያሳደግሁት ልጅ» የምትል እናት አቅም አጣሁ እያለች አይደለም። ጎጃሜ ጎረምሳ «ደካማ እናት አለችኝ» ሲል ደግሞ እናቱን እየሰደበ ሳይሆን ግዴታውን እየተናገረ ነው፤ የምጦራት አለችኝ፣ ርቄ አልሄድም ነው ነገሩ። ሽማግሌውም «ደከሙ» ይባላሉ። በቋንቋችን ደካማ የሚባለው ሰው ጧሪ የሚገባው ሰው ነው። ይህን ስሜት በስብከት ላይ ስናጣው አዝናለሁ፤ እዚያ ደካማ ማለት ሰነፍ ማለት እየሆነ መጥቷል።

ተቃራኒው «ጽኑ» ነው፤ ግሱ በግእዝ «ጸንዐ»፣ በአማርኛ «ጸና»። ከጸና «አጽናና» ወጣ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሐዘንተኛን የሚያጽናና ሰው፣ ቃሉ በቃሉ ከተወሰደ፣ ሌላውን ጽኑ የሚያደርግ ማለት ነው። አሁን አሁን «ጽኑ ምእመን» ቀርቶ «ጠንካራ ምእመን» የሚለው በዝቷል። ቃሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ግን «ጠንክር» ትእዛዝ ነው፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሰውን «አጠናከርሁት» የሚልም የለም።

ሁለተኛው የማጽናናት ቃል ይበልጥ ሩቅ ሄዷል። ግእዝ «ናዘዘ» ሲል አጽናና፣ አረጋጋ ማለቱ ነው፤ «ናዛዚ» አጽናኝ ነው። አማርኛ ሲወርሰው ኃጢአት ሰምቶ የሚፈታ ካህን «ናዘዘ»፣ የሚናገረውም «ተናዘዘ» ተባለ፤ ኑዛዜም ከዚያ ወጣ። ከንስሐ አባት ፊት የሚንበረከክ ሰው ብዙ ጊዜ ዳኛ ፊት የቀረበ ይመስለዋል፤ ቃሉ ግን አጽናኝ ጋ ነው የሚልከው። አንዲት አራስ የንስሐ አባቷን መስቀል ተሳልማ «አባ፣ ዘንድሮ ጾሙን አልቻልሁትም፤ ወተቴ ነጠፈ» ብትላቸው፣ ደግ ካህን ከሆኑ የሚመልሱት አጭር ነው፦ «ልጄ፣ ሕፃኑን ይዘሽ ምን ጾም አለብሽ? ብዪ።» ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የጎረቤቷ ነው። በጾም ሰሞን ከሰው ቤት የቂቤ ሽታ ሲመጣ አፍንጫውን ይዞ ለመንደር የማያወራ ጾመኛ፣ ጾሙን ሁለት ጊዜ ጾመ።

ቀንም እንደ ምግብ ነው። ሮማውያኑ አንዱን ቀን ከሌላው በሚያበልጥና ቀኑን ሁሉ እኩል በሚያይ መካከል ተከፍለው ነበር፤ እኛም በሰንበት ተከፍለን እናውቃለን። ቅዳሜ እንደ እሑድ ይከበር ያሉት የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ከቤተ ክርስቲያንና ከክህነት ተገፍተው ከቆዩ በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1450፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ሁለቱ ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ባሉበት ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ተገፍቶ የኖረ ወገን ታቀፈ። የታቀፈበት መንገድ ግን የጳውሎስ አልነበረም፤ ጳውሎስ እያንዳንዱ በልቡ ይረዳ ብሎ ቀኑን ለየሰው ሲተው፣ ጉባኤው አንድ ሕግ ለሁሉም አወጣ። ደግሞም ልዩነት ሁሉ የምግብና የቀን ልዩነት አይደለም። ምሥራቅ ጎጃም ለዘመናት ስሙ የሚነሣበት የቅባትና የተዋሕዶ ክርክር የሃይማኖት ቃል ክርክር ነው፤ በሮሜ 14 አይፈታም፤ ይፈታል የሚል ሰው ክርክሩንም ምዕራፉንም ያቃልላል።

«ሰንበት» ግን ጠብ ብቻ አልወለደም፤ «ሰንበቴ»ም የሱ ልጅ ናት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ተረኛው ዳቦውንና ጠላውን ይዞ ይመጣል፤ ካህኑም፣ ማኅበርተኛውም፣ ደጅ የቆመው ነዳይም ከዚያው ይቋደሳል። «ማኅበር» ከ«ኀበረ»፣ ተባበረ አንድ ሆነ ከሚለው ነው፤ «ኅብር»ም እንዲሁ። ከደብረ ወርቅ ብዙ በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማረ ሰው ኅብር ሲሉት ሌላ ነገር ይታየዋል፦ አንድ ቃል ሁለት ምሥጢር ሲይዝ፣ አንዱ ሌላውን ሳያስወጣው። «ተስማማ» ደግሞ የ«ሰማ» ልጅ ነው። ሁለት ሰዎች ተስማሙ ማለት አንዱ የሌላውን አንድ ቃል ተቀበለ ከመሆኑ በፊት፣ እርስ በርስ ተሰማምተዋል፤ ጆሮ ተሰጣጥተዋል።

አንድ ቃል ልጨምር፤ «ጾር»። ግሱ «ጾረ»፣ ተሸከመ ነው፤ ጾርም ሸክም። ብርቱዎች የደካሞችን ድካም ይሸከሙ የሚለው የሮሜ 15ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ በዚህ ቤት ያለ ሐሳብ ነው። በገዳም አነጋገር ግን ጾር ማለት ፈተና ሆኗል፤ መነኩሴ «ጾር ተነሣብኝ» ሲል ሥጋዬ ታገለኝ ማለቱ ነው። የሰውን ጾር መሸከም እህሉን ከጀርባው ከመቀበል ይከብዳል። በጽዋ ማኅበር አንዱ አባል መጠጥ አስቸግሮት የንስሐ አባቱ ከልክለውት መጣ እንበል። ጠላው በዋንጫ እየዞረ ነው። «ለሱ ውኃ ስጡት» ቢባል ቤቱ ሁሉ ዞሮ ያየዋል፤ ምክንያቱን ያልሰማም ይጠይቃል። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ጠላ የሚጎዳው ሰው አይደለም፤ ዕድሜውን ሲጠጣው ኖሯል። ቀድሞ እጁን ዘርግቶ «ለእኔ ዛሬ ብርዝ ቅዱልኝ፤ ለሱም ከዚያው» ይላል። ሙሴው ብርዝ ከጠጣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።