የሳፋሪውን ድንኳን የተሸከሙት

በኬንያ ማሳይ ማራ፣ ከአሥር የማይበልጡ ድንኳኖች ባሉት የእንግዳ ሰፈር ውስጥ ሲመሽ ፋኖስ ይበራል። አልጋው ላይ ነጭ አንሶላ ተነጥፏል፣ ከሸራው ጀርባ የገላ መታጠቢያ ሙቅ ውሃ ተዘጋጅቷል፤ ከወንዙ ማዶ ጉማሬ ያጓራል። እንግዳው ለአንድ ሌሊት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የሚከፍለው አውሬ መሃል ተኝቶ ምንም እንዳይጎድልበት ነው። ይህ አኗኗር የዛሬ ዘመን ፈጠራ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊትም ድንኳኑ፣ አልጋውና መታጠቢያ ገንዳው በምሥራቅ አፍሪካ ሜዳ ላይ ይጓዙ ነበር፤ ያኔ ግን የሚጓዙት በሰው ጭንቅላት ላይ ነበር።

«ሳፋሪ» ከዐረብኛ ወደ ስዋሂሊ የገባ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ጉዞ ነው። የእኛ ጆሮ «ሰፈር» ብሎ ሊሰማው ይችላል፤ ለስዋሂሊ ተናጋሪዎች ግን ጓዝ ጠቅልሎ መነሳት ነው።

ናይሮቢ በ1899 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የባቡር ጣቢያ ሆና ተቆረቆረች። ብዙም ሳይቆይ ለሀብታም አዳኞች ጉዞ የሚያሰናዱ ድርጅቶች ተከፈቱባት። ከእነሱ አንዱ የሆነው ኒውላንድ እና ታርልተን በ1909 ስሙ የገነነ እንግዳ መጣለት፦ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ከወረደ ገና ሁለት ወር ያልሞላው ቴዎዶር ሩዝቬልት። ከልጁ ከከርሚት ጋር ሞምባሳ ወርዶ በባቡር ወደ ሜዳው ሲደርስ 200 ያህል ተሸካሚዎች ይጠብቁት ነበር።

የአንድ ተሸካሚ ሸክም በልማድ 60 ፓውንድ፣ ማለትም 27 ኪሎ ገደማ ነበር። ሩዝቬልት ለስሚዝሶኒያን ሙዚየም የሚላከውን ቆዳ የሚያደርቅበት 4 ቶን ጨው አስመጥቶ ነበር። ይህን ጨው በአንድ ጊዜ ለማንሳት ከ130 በላይ ሰው ያስፈልጋል። አባትና ልጅ 512 እንስሳት ገደሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ 17ቱ አንበሶች ነበሩ።

ከጓዙ ሁሉ ልቤን የሚነካው ግን አንድ ሳጥን ነው። ሩዝቬልት መጽሐፍ ሳይዝ የትም የማይሄድ ሰው ስለነበር፣ ሆሜርን፣ ሼክስፒርንና መጽሐፍ ቅዱስን ጨምሮ በርካታ መጻሕፍት ላብና አቧራ እንዳይበላቸው በአሳማ ቆዳ አስጠርዞ በአሉሚኒየም ሳጥን ከተታቸው። ክብደቱ ከ60 ፓውንድ ጥቂት ያነሰ፣ የአንድ ሰው ሸክም ነበር። የመጻሕፍቱ ዝርዝር በጉዞ መጽሐፉ መጨረሻ አንድ በአንድ ታትሟል። ከዝርዝሩ ጎን የተሸካሚው ስም አልሰፈረም።

በዚያ ጉዞ ሩዝቬልትን ጁጃ በሚባለው እርሻው ያስተናገደው ባለጸጋ ዊሊያም ኖርዝረፕ ማክሚላን አገራችንን የሚያውቅ ሰው ነበር። በ1903 ዓባይን በጀልባ ለመውረድ ሞክሮ፣ ጀልባዎቹ ተሰባብረውበት የተመለሰው እሱ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ፣ እንግሊዞች በምሥራቅ አፍሪካ ጀርመኖችን ለመውጋት እጅግ ብዙ አፍሪካውያንን በግዳጅ ተሸካሚ አደረጉ። በበሽታ፣ በረሃብና በድካም ያለቁት በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። የናይሮቢው ካሪያኮርና የዳሬሰላሙ ካሪያኮ ገበያዎች ስማቸውን ያገኙት «የተሸካሚዎች ጓድ» ከሚለው የእንግሊዝኛ መጠሪያ ነው። ዛሬ በገበያዎቹ የሚተራመሰው ሰው በየቀኑ የተሸካሚዎቹን ስም ይጠራል።

ከጦርነቱ በኋላ ጓዙን መኪና ተረከበ። በ1972 በማራ ወንዝ ዳር ገቨርነርስ ካምፕ ቋሚ የእንግዳ ድንኳኖች ተከለ። በ1977 ኬንያ የስፖርት አደንን ስትከለክል ጠመንጃው ቀርቶ ካሜራው ብቻ ቀጠለ።

የመሬቱ ጉዳይ ግን ከሸክሙም የከፋ ነው። እንግሊዞች በ1904 ከከብት አርቢዎቹ ማሳዮች ጋር ሲዋዋሉ፣ ውሉ የማሳይ ሕዝብ እስካለ ድረስ ይጸናል አሉ። የጸናው 7 ዓመት ነው። በ1911 በሌላ ውል ከለምለሙ ላይኪፒያ አስነስተው ወደ ደቡብ ነዷቸው። ማሳዮች በጦር ፈንታ ጠበቃ ይዘው ፍርድ ቤት ቆሙ፤ በ1913 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ ከሥልጣኔ ውጭ ነው ብሎ መለሳቸው። በዛሬዋ ታንዛኒያም በ1959 ማሳዮች ሰሬንጌቲን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። ለቱሪስት «ሰው ያልነካው ምድር» እየተባለ የሚሸጠው ሜዳ እረኛው የተነሳበት ሜዳ ነው። ይህን ሳይናገር ስለ ሳፋሪ ውበት የሚጽፍ ሰው ግማሹን ታሪክ ደብቋል ባይ ነኝ።

ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በማራ ዙሪያ የተሻለ ነገር ተጀምሯል። የማሳይ ባለይዞታዎች መሬታቸውን አጋጥመው ለካምፖች ያከራያሉ፣ ኪራያቸውን ይቀበላሉ፤ በስምምነት በተወሰነው ጊዜና ቦታ ከብቶቻቸውን ያግዳሉ። የድንኳኑ ቁጥርም በውል የተገደበ ነው።

ከናይሮቢም ሆነ ከአሜሪካ ተነስታችሁ ማራን ለማየት የምታስቡ አንባቢዎች፣ ድንኳን ከመያዛችሁ በፊት መሬቱ የማን እንደሆነና ኪራዩ ለማን እንደሚከፈል ጠይቁ። መልሱን በግልጽ ወደሚነግራችሁ ካምፕ ሂዱ።